ዳክ ሲመረጥ፦ ከቺፑ በፊት ቀዳዳዎቹ

ስለ ዳክ፣ ማለትም ዲጂታሉን ድምፅ አምፕሊፋየርና ሄድፎን ወደሚቀበሉት የኤሌክትሪክ ምልክት ስለሚለውጠው ዕቃ፣ ማውራት ሲጀመር ጨዋታው ቶሎ ወደ ቺፕ ስም ይሄዳል፤ በቺፕ አምራቾቹ ስም ይኼኛው ኢኤስኤስ ነው፣ ያኛው ኤኬኤም ነው ይባላል። እኔ እያደር ያመንኩት ግን ቀድሞ መታየት ያለበት የዕቃው ጀርባ መሆኑን ነው። ድምፁን በምን ይቀበላል? በስንት ቮልት ያወጣል? ኃይል ከየት ያገኛል? እነዚህ ሦስቱ ቤት ካለው ዕቃ ጋር ካልተስማሙ የሆዱ ቺፕ የፈለገውን ቢሆን አይረዳም። በፈረንጆቹ ኦክቶበር 2020 ጃፓን ኖቤኦካ ያለው የኤኬኤም ፋብሪካ ሲቃጠል ብዙ አምራቾች ዕቃቸውን በሌላ ቺፕ እንደገና መንደፍ ግድ ሆነባቸው። ሰርኪዩቱን በጥንቃቄ የሚሠራ አምራች በአዲሱም ቺፕ ንጹሕ ድምፅ ማውጣት አላቃተውም።

ስልክ፣ ላፕቶፕ፣ ቴሌቪዥን፣ ሲዲ ማጫወቻ ሁሉም በውስጣቸው ዳክ አላቸው። ስለዚህ ሌላ ከመግዛት በፊት ያለው ምን እንደጎደለው ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ማውዝ ሲንቀሳቀስ በስፒከሩ ጭርጭርታ ከተሰማ፣ ስልኩ የሄድፎን ቀዳዳ ከሌለው፣ ቴሌቪዥኑ ከኦፕቲካል (ድምፁን በብርሃን ከሚልከው ቀዳዳ) ሌላ የድምፅ መውጫ ከሌለው ውጫዊ ዳክ ችግሩን ይፈታል። «ባስ ይጎድለዋል፣ ይጮኻል» የሚለውን ቅሬታ ግን አይፈታም፤ እሱ የስፒከሩና የክፍሉ ጉዳይ ነው። ስፒከሩን በ20 ሳንቲሜትር ወደ ግድግዳው ማስጠጋት የሚያመጣውን የባስ ለውጥ ማንም ይሰማዋል፤ በሁለት ደህና ዳኮች መካከል ያለውን ልዩነት ለመስማት ግን ብዙ መድከም አለ።

ሳጥኑ ላይ በትልቁ የሚጻፉት ቁጥሮችም እንዲሁ ናቸው። ሲዲ በፈረንጆቹ 1982 ገበያ ሲወጣ 16 ቢትና 44.1 ኪሎኸርትዝ ነበር፤ ዛሬም ያው ነው። 16 ቢት በትንሹና በትልቁ ድምፅ መካከል 96 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ገደማ ስፋት ይሰጣል፤ 44.1 ደግሞ እስከ 22 ኪሎኸርትዝ ያለውን ይይዛል፤ የጤናማ ወጣት ጆሮ እንኳ 20 አካባቢ ያበቃል። በቴሌግራም ከካሴት ተቀድተው የሚዞሩትን የድሮ ዘፈኖቻችንን ከልቤ እወዳቸዋለሁ፤ ግን ተራ ካሴት ከ60 ዴሲቤል ብዙም አያልፍም። የቴፑን ሽሽታ 768 ኪሎኸርትዝ የሚችል ዳክ አያጠፋውም። ለዚያ ቁጥር የሚከፈለው ገንዘብ የተሻለ ቅጂ ፍለጋ ላይ ቢውል ይሻላል።

ወደ መግቢያዎቹ ስንመጣ፣ ለላፕቶፕና ለስልክ ዩኤስቢ ይበቃል። ዩኤስቢ ኦዲዮ ክላስ 1 የሚባለው የዩኤስቢ ድምፅ ደንብ እስከ 24 ቢትና 96 ኪሎኸርትዝ ድረስ ያለ ምንም ድራይቨር ይሠራል። ክላስ 2 ከዚያ በላይ ይወጣል፤ ዊንዶውስ ግን እሱን በራሱ መቀበል የጀመረው በፈረንጆቹ 2017 በወጣው የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ ነው። ዊንዶውስ 7 ላይ ያለ ሰው የአምራቹን ድራይቨር ቀድሞ ይፈልግ። የአፕል ዩኤስቢ-ሲ ትንሿ ገመድም ራሷን የቻለች ዳክ ናት፤ ጥራቷም ከዋጋዋ እጅግ ይበልጣል። ልብ መባል ያለበት የአሜሪካው ሞዴል ወደ 1 ቮልት ሲያወጣ የአውሮፓው ግማሹን ብቻ ማውጣቱ ነው፤ አንዳንድ አንድሮይድ ስልኮች ላይ ደግሞ ድምፁ ዝቅ ብሎ ይቀራል። ለቴሌቪዥን ኦፕቲካል ይሁን። ገመዱ ተሰክቶ ድምፅ ከሌለ ወይም ኃይለኛ ጩኸት ብቻ ከመጣ ቴሌቪዥኑ ዳኩ የማይፈታውን የተጨመቀ ድምፅ፣ ዶልቢን፣ እየላከ ነው፤ በድምፅ ሴቲንግ ውስጥ የዲጂታል መውጫውን «ፒሲኤም» (ያልተጨመቀ) ማድረግ ነው። በኦፕቲካል የሚወጣው ድምፅ ብዙውን ጊዜ የቴሌቪዥኑን ሪሞት አይሰማም፤ አምፕሊፋየሩ ሪሞት ከሌለው ሪሞት ያለው ዳክ መምረጥ ይገባል።

ብዙ ሰው የሚቸገረው መውጫው ላይ ነው። አብዛኛው የቤት ዳክ በቀይና በነጩ አርሲኤ 2 ቮልት ያወጣል። የፈረንጆቹ 70ዎቹና 80ዎቹ አምፕሊፋየሮች ግን በ150 ወይም በ200 ሚሊቮልት ሙሉ ኃይላቸውን እንዲሰጡ የተሠሩ ናቸው። አሥር እጥፍ ሲገባባቸው ቮልዩሙ ገና ሲነካ ቤቱ ይሞላል፤ በዚያ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ደግሞ ያረጀ ቮልዩም ግራና ቀኙን እኩል ስለማይከፍት ድምፁ ወደ አንድ ወገን ያጋድላል። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፦ አርሲኤው ጫፍ ላይ የሚሰካ የ10 ዴሲቤል መቀነሻ 2 ቮልቱን ወደ 0.63 ያወርደዋል። በኮምፒውተሩ መቀነስም ይቻላል። እያንዳንዱ 6 ዴሲቤል አንድ ቢት ያህል ይበላል፤ በ24 ቢት የሚቀበል ዳክ ለ16 ቢት ዘፈን 8 ቢት ትርፍ ስላለው 20 ዴሲቤል ቢቀነስ የሚጎዳ ነገር የለም። ሌላው፣ ዳክን «ፎኖ» የሚል ቀዳዳ ላይ መሰካት አይገባም፤ እሱ ለሸክላ ማጫወቻ ስለሆነ ድምፁን መቶ እጥፍ ያጎላዋል፣ ባሱንም ከመጠን በላይ ያነሳዋል። «ኦክስ»፣ «ሲዲ» ወይም «ቴፕ» የሚለው ላይ ነው የሚሰካው።

ኃይልን በተመለከተ ከአሜሪካ በዘመድ የሚመጣ ዕቃ ላይ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አዳፕተሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ ካለ አገር ቤት በቀጥታ ይሰካል። 120 ብቻ የሚል ከሆነና 220 ላይ ከተሰካ ይቃጠላል። አዳፕተሩን መለወጥ ካስፈለገ ቮልቱ እኩል መሆን አለበት፣ አምፒሩ ከዋናው አይነስ፣ የመሰኪያው ፖዘቲቭ በየትኛው ወገን እንደሆነ ይታይ፤ ዳኩ የሚፈልገው ኤሲ ይሁን ዲሲ ሳይረጋገጥ ምንም አይሰካ። በ5 ቮልት ዩኤስቢ የሚሠራ ዳክ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ያድናል፤ መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ደግሞ ከላፕቶፑ ጋር ሥራውን ይቀጥላል።

እምምም የሚል ወፍራም ድምፅ ከስፒከሩ ከመጣ ዳኩን ከመውቀስ በፊት የላፕቶፑን ቻርጀር መንቀል ነው። ድምፁ አብሮ ከጠፋ ጥፋቱ በሁለት የግራውንድ መስመሮች መካከል የሚዞረው 50 ኸርትዝ ነው። ሁሉንም ዕቃ ከአንድ ዲቫይደር መሰካት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ካልበቃ፣ መሣሪያው ካለው በኦፕቲካል ማገናኘት ነው፤ ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ ስለማያልፍበት ዙረቱ ይቋረጣል። በዩኤስቢ ገመዱ መሃል ገብተው የኤሌክትሪክ ግንኙነቱን የሚለዩት ርካሽ መነጠያዎች አብዛኛውን ጊዜ በሴኮንድ 12 ሜጋቢት ብቻ ስለሚያሳልፉ ለክላስ 2 ዳክ አይሆኑም። የሶኬቱን የግራውንድ እግር መቁረጥ ግን በምንም ምክንያት አይደረግም፤ እሱ የሰው ሕይወት መጠበቂያ ነው።

ሁለት ዳክ ሲወዳደር በጥቂቱ የጮኸው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል፤ ስለዚህ ድምፃቸው ቀድሞ ይስተካከል። የ100 ኸርትዝ ቶን ተከፍቶ የስፒከሩ መሰኪያ ላይ በቴስተር ኤሲ ቮልት ይለካ፤ ርካሽ ቴስተር 1 ኪሎኸርትዝ ላይ ሊሳሳት ስለሚችል ነው 100 የምመርጠው። የሁለቱ ልዩነት ከ1 በመቶ ሲያንስ ሌላ ሰው ገመዱን ይቀያይር፣ አድማጩ ሳያይ ይገምት። ከአሥር ጊዜ ዘጠኙን ካላወቀ ርካሹ ይቀመጥና ውዱ ለሻጩ ይመለስ።