«ከእንግዲህ ባቆምስ ምን ይጠቅመኛል?»

ለብዙ ዓመታት ያጨሰ ሰው ሳንባው መጎዳቱ ሲነገረው ብዙ ጊዜ የሚመልሰው «ከእንግዲህ ባቆምስ ምን ይጠቅመኛል?» ብሎ ነው። የትንፋሽ ምርመራ በሚደረግበት ክፍል ውስጥ ስለምሠራ ይህን ጥያቄ ደጋግሜ እሰማዋለሁ፤ ከስንፍና ወይም ከግትርነት የሚመጣ ነውም ብዬ አላምንም። ጠያቂው የጠፋው የሳንባ ክፍል እንደማይመለስ በትክክል ተረድቷል። የሚስተው ከዚያ የሚያወጣው መደምደሚያ ነው፤ በሽታው ደርሶ ያበቃ ነገር ይመስለዋል እንጂ የሳንባው አቅም በየዓመቱ እየቀነሰ የሚሄድበት ሒሳብ መሆኑን፣ የቅነሳውም ፍጥነት በአብዛኛው በእጁ እንዳለ አያውቅም።

ሐኪሞች በአጭሩ ሲኦፒዲ የሚሉት ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ በአንድ ስም የተጠሩ ሁለት ጉዳቶችን ይይዛል። አንደኛው የአየር ቧንቧዎች ውስጠኛ ግድግዳ ተቆጥቶና አብጦ አክታ የሚያበዛበት፣ ታማሚውም ቢያንስ በሁለት ተከታታይ ዓመታት በእያንዳንዳቸው ለ3 ወራት ያህል አክታ ያለው ሳል የሚያስልበት ሥር የሰደደ ብሮንካይተስ ነው። ሁለተኛው ኤምፊዚማ ይባላል፤ በዚህኛው ኦክስጅን ወደ ደም የሚሻገርባቸው ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ግድግዳቸው እየፈረሰ አንዱ ከሌላው ይቀላቀላል። በጤነኛ ሰው ሳንባ ውስጥ እነዚህ ከረጢቶች በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ ግድግዳቸው ቢዘረጋ 70 ካሬ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። የሲጋራ ጭስ ወደ ሳንባ የሚጠራቸው ነጭ የደም ሕዋሳት የሚለቁት ኢንዛይም ለሳንባ የመለጠጥና የመሰብሰብ ኃይል የሚሰጠውን ፕሮቲን ይበላዋል፤ ያን ጊዜ ሳንባው ላስቲኩ እንደ ላላ ልብስ ይሆናል፣ ይዘረጋል እንጂ ተመልሶ አይሰበሰብም። በዚህም ምክንያት የታማሚው ዋና ችግር አየር ማስገባት ሳይሆን ያስገባውን ማስወጣት ነው። አሮጌው አየር ውስጥ ታግቶ ስለሚቀር ለአዲሱ ቦታ ይጠባል፤ ሰውየው ግን አየር ያነሰው ስለሚመስለው ይበልጥ ለመሳብ ይታገላል።

የሚያጨስ ሁሉ በዚህ በሽታ አይያዝም፤ አጭሰው የማያውቁ ሰዎችም በማገዶ ጭስ፣ በሥራ ቦታ አቧራ ወይም በዘር በሚተላለፍ የአንድ ፕሮቲን እጥረት ምክንያት ይታመማሉ። ይህን የምለው ሁልጊዜ «አጎቴ እስከ ሰማንያ ዓመቱ አጭሶ ምንም አልሆነም» የሚል ሰው ስለማይጠፋ ነው። አጎቱ ምርመራ ተደርጎላቸው እንደ ነበር ስጠይቅ ግን መልስ አላገኝም።

እንዲህ የምጠይቀው በሽታው ለረጅም ጊዜ ድምፁን አጥፍቶ ስለሚሄድ ነው። ጉዳቱ የሚጀምረው ስፋታቸው ከ2 ሚሊሜትር ባነሱት ቧንቧዎች ሲሆን፣ እነዚህ በቁጥር እጅግ ብዙ ስለሆኑ ከፊሎቹ ቢዘጉም ሰውየው ልዩነቱ አይሰማውም። ከዚያ በኋላም ቢሆን ኑሮውን ሳያውቀው ከሳንባው ጋር ያስተካክላል፦ ደረጃ ሲወጣ መሐል ላይ ስልኩን የሚያይ መስሎ ይቆማል፣ ዳገት ያለበትን መንገድ ይተዋል፣ የጠዋቱን ሳል «የሲጋራ ሳል ነው» ብሎ ያልፈዋል፣ የቀረውን ደግሞ በዕድሜ ያመካኛል። ብዙዎች የደረት ራጅ ተነሥተው ምንም የለብህም መባላቸውን እንደ ማስረጃ ያቀርባሉ፤ ራጁ ግን በመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ጤነኛ መስሎ ሊታይ ይችላል። እውነቱን የሚያወጣው ጆን ሀቺንሰን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1846 ያስተዋወቀው የትንፋሽ መለኪያ፣ ስፓይሮሜትር ነው። ሰውየው ሳንባውን ሞልቶ በሙሉ ኃይሉ ሲነፋ በመጀመሪያው ሰከንድ የሚወጣው አየር በአጠቃላይ ከወጣው ከ70 በመቶ በታች ከሆነ፣ ቧንቧ የሚከፍት መድኃኒት ከወሰደ በኋላም ይኸው ከቀጠለ፣ የአየር መንገዱ ጠብቧል ማለት ነው።

ወደ ጥያቄው ስመለስ፣ ከሁሉ የተሻለውን መልስ የማገኘው በአሜሪካና በካናዳ 5,887 አጫሾችን በተከታተለው የሳንባ ጤና ጥናት ውስጥ ነው። ተሳታፊዎቹ ከ35 እስከ 60 ዓመት የሆናቸውና መለስተኛ የአየር መንገድ መጥበብ የተገኘባቸው ነበሩ። ከ11 ዓመት በኋላ ሲለኩ፣ ማጨሳቸውን የቀጠሉት ወንዶች በመጀመሪያው ሰከንድ ከሚያስወጡት አየር በየዓመቱ 66 ሚሊ ሊትር ገደማ ሲያጡ፣ ከጅምሩ አቁመው የጸኑት 30 ገደማ ብቻ አጥተዋል። በሴቶችም ልዩነቱ 54 ለ22 ነበር። ዕድሜ ብቻውን ከጤነኛ ሰውም ቢሆን በዓመት ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ስለሚወስድ፣ ያቆሙት ሰዎች ቅነሳ አጭሶ ከማያውቅ ሰው ጋር ተቀራርቧል ማለት ነው። እነዚህን ቁጥሮች ታማሚው ፊት አስቀምጬ አብረን እናሰላለን፦ በዓመት የ36 ሚሊ ሊትር ልዩነት በ20 ዓመት ውስጥ 720 ሚሊ ሊትር ይሆናል። በመጀመሪያው ሰከንድ አንድ ሊትር ተኩል ብቻ ለሚያስወጣ ሰው ይህ ልዩነት ገበያ ደርሶ በመመለስና ልብስ ሲለብስ በማለክለክ መካከል ያለ ነው።

በዚያው ጥናት የሚጠቀስ ሌላ ነገር አለ። ከተሳታፊዎቹ ለከፊሎቹ ቧንቧ የሚከፍት፣ በአፍ የሚሳብ መድኃኒት (ኢንሄለር) ተሰጥቷቸው ነበር፤ መድኃኒቱ የረጅም ጊዜውን ቅነሳ አልለወጠውም። ኢንሄለር ትንፋሽን ያቀላል፣ አስፈላጊም ነው፤ እሱን እየወሰዱ ማጨስ ግን ለእኔ የሚያፈስ በርሜል መሙላት ነው።

ዕድሜን በተመለከተ በ1951 የተጀመረው የብሪታንያ ሐኪሞች ጥናት ሃምሳ ዓመት ተከታትሎ በ2004 ያወጣው ውጤት ግልጽ ነው፦ ማጨስን በ60 ዓመት ማቆም በአማካይ 3 ዓመት፣ በ50 ማቆም 6፣ በ40 ማቆም 9፣ በ30 ማቆም ደግሞ 10 ዓመት ያህል ዕድሜ ያተርፋል። በ60 ዓመት ማቆም ዘግይቷል የሚል ሰው ሦስት ዓመትን እንዴት እንደሚመዝነው ለራሱ እተወዋለሁ።

ካቆሙ በኋላ ስለሚመጣው ነገር አስቀድሞ አለመንገር ትልቅ ጥፋት ይመስለኛል። የኒኮቲን እጦት የሚያስከትለው ንዴት፣ የእንቅልፍ መዛባትና የሐሳብ መበታተን በመጀመሪያው ሳምንት ይበረታል፤ ከሁለት እስከ አራት ሳምንታት ባለው ጊዜ ውስጥም በአብዛኛው ይረግባል። ግራ የሚያጋባው ሳሉ ነው። አክታን ወደ ላይ ጠርገው የሚያወጡት ጥቃቅን ፀጉሮች በጭስ ሽባ ሆነው ኖረው ሥራቸውን መልሰው ሲጀምሩ፣ አንዳንድ ሰው ለተወሰኑ ሳምንታት ከበፊቱ ይበልጥ ያስላል፤ «ሲጋራው ይሻለኝ ነበር» ብሎም ወደ ማጨሱ ይመለሳል። ሌላው ብዙም የማይነገር ጉዳይ ቡና ነው። የሲጋራ ጭስ ጉበት ካፌይንን በፍጥነት እንዲያስወግድ ስለሚያደርግ፣ ያቆመ ሰው በለመደው መጠን ቡና ሲጠጣ ካፌይኑ በደሙ ውስጥ በዝቶ ይቆያል፤ መቁነጥነጡንም ሁሉ በሱሱ ያሳብባል። ቴኦፊሊን የሚባለው የሳንባ መድኃኒትም በዚያው መንገድ ስለሚወገድ፣ ይህን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ማጨስ ማቆሙን ለሐኪሙ መንገርና መጠኑን ማስተካከል ይኖርበታል፤ አለዚያ መድኃኒቱ በሰውነቱ ውስጥ ተከማችቶ ሊመርዘው ይችላል።

መቀነስ እንደ ማቆም አይቆጠርም። አሥር ሲጋራ የቀነሰ ሰው የቀሩትን ጠለቅ አድርጎና አብዝቶ እየሳበ የለመደውን ኒኮቲን ስለሚያገኝ፣ ሳንባው የሚገላገለው ከጠበቀው እጅግ ያነሰ ነው። «ቀላል» ተብለው የተሸጡት ሲጋራዎችም ያታለሉት በዚሁ መንገድ ነበር።

በራሱ ኃይል ብቻ ለማቆም ከሚሞክር መቶ ሰው ውስጥ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት የሚጸናው ከሦስት እስከ አምስት ቢሆን ነው። ስለዚህ እርዳታ መጠየቅን እንደ ድክመት የሚያዩ ሰዎች ያናድዱኛል። ቆዳ ላይ የሚለጠፈው የኒኮቲን ፕላስተር ቀኑን ሙሉ ሲሠራ፣ ማስቲካው ድንገተኛውን አምሮት ያስታግሳል፤ ሁለቱን አንድ ላይ መጠቀም አንዱን ብቻ ከመጠቀም የተሻለ ነው። ቫሬኒክሊን የተባለው ኪኒን ደግሞ የመሳካቱን ዕድል ከእጥፍ በላይ ያደርገዋል። ምክርም ሲታከልበት ውጤቱ ይበልጥ ይሻሻላል።

ስለዚህ ለሚያጨስ ወይም በቅርቡ ላቆመ ሰው የምነግረው ይህን ነው፦ ሐኪምህን ስፓይሮሜትር ጠይቅ፣ የወጣውን ቁጥር በሊትር ጽፈህ ያዝ፣ ከዓመት በኋላም እንደገና ተለካ። አንድ ልኬት ዛሬ የት እንዳለህ ብቻ ነው የሚያሳየው፤ ቅነሳው ምን ያህል እንደ ፈጠነ ለማወቅ ቢያንስ ሁለት፣ ቢቻል ሦስትና አራት ያስፈልጋል።