ለዕጩዎች የሚቀርበው የምሥጢር ገለጻ የማን ነው?

ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ኤፕሪል 12 ቀን 1945 ሲያርፉ፣ ምክትላቸው ሃሪ ትሩማን በዚያው ምሽት ቃለ መሐላ ፈጽመው የአሜሪካ መሪ ሆኑ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ትሩማን በምክትልነት የቆዩት 82 ቀናት ብቻ ሲሆን፣ በነዚያ ቀናት አገራቸው የአቶሚክ ቦምብ እየሠራች መሆኗን የነገራቸው አልነበረም። የጦር ሚኒስትሩ ሄንሪ ስቲምሰን ከቃለ መሐላው በኋላ ስለ አንድ ከባድ አዲስ መሣሪያ በጥቂት ቃላት ጠቆም አደረጓቸው፤ ነገሩን በዝርዝር ያስረዷቸው ግን ኤፕሪል 25 ቀን ነበር። ከዚያ በኋላ አራት ወር ሳይሞላ ቦምቡ በእሳቸው ውሳኔ ሂሮሺማ ላይ ተጣለ።

በአሜሪካ ለፕሬዚዳንትነት ዕጩዎች ከምርጫው በፊት የሚሰጠውን የስለላ መረጃ ገለጻ ባሰብሁ ቁጥር ይህ ታሪክ ይቀድመኛል፤ ልማዱን የጀመሩት ራሳቸው ትሩማን ናቸውና። እርሳቸው የደረሰባቸው በሌላ ሰው እንዳይደርስ ፈልገው፣ በ1952 ለሁለቱም ዕጩዎች፣ ለጄኔራል ድዋይት አይዘንሃወርና ለአድላይ ስቲቨንሰን፣ ሲአይኤ የዓለምን ሁኔታ እንዲያስረዳቸው አደረጉ። አጀማመሩ ግን ሰላማዊ አልነበረም። ስቲቨንሰን ከትሩማን ወገን ስለነበሩ ወደ ዋይት ሐውስ መምጣታቸውን አይዘንሃወር በጥርጣሬ ተመለከቱት፤ የመንግሥት መሣሪያ ለአንድ ወገን ምርጫ እየዋለ ነው የሚል ቅሬታም አሰሙ። እሳቸው ራሳቸው ለምሳ ሲጋበዙ አልመጣም ብለው፣ የሲአይኤ ሳምንታዊ ሪፖርት ቢላክላቸው ግን እንደሚቀበሉ አስታወቁ። ትሩማን በእጃቸው በጻፉት መልስ ማዘናቸውን ገለጹ፤ የፓርቲ ፖለቲካ ከአገሪቱ ድንበር ላይ መቆም እንዳለበትም አሳሰቡ። ገለጻው ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ በመታመንና ባለመታመን መካከል የተወለደ ነው።

እስከ ዛሬ ድረስ ለዕጩ ገለጻ ስጡ የሚል አስገዳጅ ሕግ የለም። በሥልጣን ላይ ያለው ፕሬዚዳንት ፈቃዱን ይሰጣል፤ የስለላ ተቋማቱ ባለሙያዎችን ይመድባሉ፤ ከፓርቲ ጉባኤዎች በኋላ ለሁለቱም ዕጩዎች ተመሳሳይ ርእሰ ጉዳዮች ይቀርባሉ። ቀድሞ ሥራውን የሚመራው ሲአይኤ ነበር፤ ከ2004ቱ የስለላ ተቋማት ማሻሻያ ሕግ በኋላ ግን ኃላፊነቱ ወደ ብሔራዊ የስለላ ዳይሬክተር ጽሕፈት ቤት ተዛወረ። ለፕሬዚዳንቱ በየማለዳው የሚቀርበው ማጠቃለያ ለዕጩዎች አይሰጥም፤ እርሱ ምርጫውን ላሸነፈው ብቻ የሚከፈት ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ መረጃው ከየት እንደተገኘና በምን ዘዴ እንደተሰበሰበ፣ እንዲሁም በመካሄድ ላይ ያሉ ስውር ዘመቻዎች ለዕጩዎች አይነገሩም።

ይህ የመጨረሻው ክልከላ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ከ1960ው ምርጫ የበለጠ የሚያሳይ ያለ አይመስለኝም። የሲአይኤው ዳይሬክተር አለን ደለስ ጁላይ 23 ቀን ዕጩውን ጆን ኬኔዲን በሃያኒስ ፖርት አግኝተው ከሁለት ሰዓት በላይ ገለጻ አደረጉላቸው። በዚያ ወቅት ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የኩባ ስደተኞችን አሠልጥኖ ፊደል ካስትሮን ለመጣል የታቀደውን ስውር ዘመቻ ካጸደቁ አራት ወራት አልፈው ነበር። ተፎካካሪው ሪቻርድ ኒክሰን ምክትል ፕሬዚዳንት ስለሆኑ ዕቅዱን ያውቁት ነበር፤ እንዲያውም ደጋፊው ነበሩ።

በኦክቶበር፣ ከአራተኛው የቴሌቪዥን ክርክር ዋዜማ ላይ፣ የኬኔዲ ወገን ካስትሮን ለሚታገሉ ስደተኞች ድጋፍ ይሰጥ የሚል መግለጫ አወጣ። ኒክሰን ይህን ሲያዩ ተቀናቃኛቸው በምሥጢር የተነገራቸውን ለድምፅ መሰብሰቢያ ያዋሉ መሰላቸው። ከዚያ የሆነው ነገር ዛሬም ሳነበው ይደንቀኛል። ኒክሰን በልባቸው የሚደግፉትን ዕቅድ በሚሊዮኖች ፊት ቆመው አደገኛና ኃላፊነት የጎደለው ሐሳብ ነው ሲሉ ነቀፉት፤ በኋላ እንደገለጹት፣ ምሥጢሩን ለመጠበቅ ሌላ መንገድ አልታያቸውም ነበር። በ1962 ባሳተሙት ማስታወሻ ኬኔዲን በይፋ ከሰሱ። ዋይት ሐውስ ክሱን አስተባበለ፤ ደለስም ለኬኔዲ የሰጡት ገለጻ ስውር ዘመቻውን እንዳልነካ አረጋግጠው ነገሩ ከአለመግባባት የመጣ መሆኑን ተናገሩ። ኬኔዲ ዕቅዱን በወጉ የሰሙት ኖቬምበር 18 ቀን፣ ምርጫውን ካሸነፉ በኋላ፣ በፓልም ቢች ነበር። ከአምስት ወር በኋላ ዘመቻው በኩባ በአሳማዎች ባሕረ ሰላጤ ከሸፈ።

ከዚህ ታሪክ ብዙዎች የሚወስዱት ትምህርት ዕጩዎች ምሥጢር ለመጠበቅ አይታመኑም የሚል ነው። እኔ ግን ከዚህ ተቃራኒውን እወስዳለሁ። ጥፋቱ የመጣው ከተነገረው ሳይሆን፣ ሁለቱ ሰዎች አንዳቸው ለሌላው ምን እንደተነገረው ባለማወቃቸው ነው። ኒክሰን የገለጻውን ወሰን ቢያውቁ ኖሮ ተቀናቃኛቸውን በክህደት ባልጠረጠሩ ነበር፤ ኬኔዲም አንድ ቃል ጠቆም ቢደረግላቸው ኖሮ ያን መግለጫ ደጋግመው ባሰቡበት ነበር። በእኔ እምነት የገለጻው ዋና ጥቅም ዕጩው በአደባባይ ሊናገረው የማይገባውን ቀድሞ እንዲያውቅ ማድረጉ ነው። ስለዚህ የስውር ዘመቻው ክልከላ በአጠቃላይ ትክክል ቢሆንም፣ ዕጩዎች በየመድረኩ የሚከራከሩበት አገር ላይ ዘመቻ ሲታቀድ፣ በዝምታ ከማለፍ ይልቅ «በዚህ ጉዳይ ላይ ይጠንቀቁ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር መጨመር ተገቢ ነበር እላለሁ።

ነገሩ በሚገባ ሊከናወን እንደሚችልም ምስክር አለ። በ1976 ጂሚ ካርተር ገለጻውን ራሳቸው ጠየቁ፤ የተቃራኒው ፓርቲ ሰው የሆኑት የሲአይኤ ዳይሬክተር ጆርጅ ቡሽ ባለሙያዎቻቸውን ይዘው እስከ ጆርጂያዋ ፕሌይንስ ሄዱ፤ ካርተርም ለሰዓታት እየጠየቁ አዳመጧቸው። በዚያ ክፍል ውስጥ ዕጩው ሊያውቅ መጣ፣ ባለሙያው ሊያሳውቅ መጣ፤ ከዚህ ሌላ ዓላማ የነበረው ሰው አልነበረም።

በ2016 የተጣሰው ይኸው ነው፤ እኔንም ከሁሉ በላይ ያሳዘነኝ እርሱ ነው። ምርጫው ገና ከጅምሩ መራራ ስለነበር ከሁለቱም ወገን ለተቃራኒው ዕጩ ገለጻ አይሰጥ ወይም የተቆነጠረ ይሰጥ የሚሉ ድምፆች ተሰምተው ነበር፤ የስለላ ዳይሬክተሩ ጄምስ ክላፐር ግን ልዩነት አናደርግም ብለው ለሁለቱም አቀረቡ። ዶናልድ ትራምፕ ኦገስት 17 ቀን በኒው ዮርክ የኤፍቢአይ ጽሕፈት ቤት ከአማካሪዎቻቸው ከማይክል ፍሊንና ከክሪስ ክሪስቲ ጋር ገለጻውን ተቀበሉ። የፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ተቆጣጣሪ በዲሴምበር 2019 ባወጣው ሪፖርት እንደታወቀው፣ ኤፍቢአይ ወደዚያ ክፍል የላከው ባልደረባ የትራምፕ የምርጫ ዘመቻ ከሩሲያ ጋር ተባብሮ እንደሆነ የሚያጣራው ምርመራ አካል ነበር፤ ፍሊንን በቅርብ ለማየትና የሚናገሩትን ለመመዝገብ አጋጣሚውን ተጠቀመበት። ተቆጣጣሪው ይህ አሠራር የገለጻውን ተአማኒነት እንደሚጎዳ አስጠነቀቀ፤ የኤፍቢአይ ዳይሬክተርም ከእንግዲህ እንዳይደገም ቃል ገቡ። ስለ ፍሊን የሚነሣው ጥርጣሬ ተገቢ ነበር አልነበረም የሚለው ክርክር እዚህ አያስፈልገኝም። መርማሪ ለመመርመር ሌላ ብዙ በር አለው፤ ዕጩው ሳይፈራ የሚጠይቅበት ክፍል ግን ያ አንድ ብቻ ነው።

ትራምፕ በ2024 ገለጻውን አልቀበልም አሉ፤ ምክንያታቸውም ከተቀበልሁ በኋላ አንዳች ነገር ቢወጣ እኔ ነኝ ያወጣሁት ይሉኛል የሚል ነበር። ባሪ ጎልድዋተርም በ1964 ሳይቀበሉ ቀርተው ነበር፤ እርሳቸው ግን ተሸነፉ፣ አገሪቱም በእንቢታቸው የተጎዳችው ነገር የለም። የ2024ቱ እንቢተኛ አሸነፈ። ገለጻውን የተውበት ምክንያት ልክ ነበር አልልም፤ የሚፈርድባቸው ሰው ግን የ2016ቱን ክፍል መርሳት የለበትም። ያልተሰማው ገለጻ የግል ንብረታቸው አልነበረም፤ በጃንዋሪ 20 ለሚረከቡት ወንበር የተዘጋጀ ነበር፤ ለወንበሩ የተዘጋጀውን ነገር በመጠራጠር የመተው መብት ለዕጩም፣ በእርሱ የመነገድ መብት ለተቋምም ያለው አይመስለኝም።