ሀረጎ ላይ ጉም ውስጥ

ነሐሴ 9፣ ኮምቦልቻ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት

ዛሬ ከደሴ ስወርድ ሀረጎ ላይ ጉም ያዘን። ክረምት ነውና አዲስ ነገር አይደለም፤ የዛሬው ግን እንደ ቡልኮ የወፈረ ነበር። ሾፌሩ መጀመሪያ ያደረገው ሬዲዮውን ማጥፋት ነው። (ጉም ሲመጣ ሬዲዮ ለምን እንደሚጠፋ ገብቶኝ አያውቅም።) ረዳቱ በመስኮት ግማሽ አካሉን አውጥቶ የሚመጣውን መኪና መብራት ይጠራ ጀመር፦ «መጣ... ሩቅ ነው፣ ሩቅ ነው... ኧረ ቀረበ!» ከጎኔ የተቀመጡት እናት ዓይናቸውን ጨፍነው ዱዓ ያደርጋሉ። «አብሽሩ እናቴ» አላቸው ሾፌሩ፣ ዞር ሳይል።

እኔ ግን የማስበው ስለ ሌላ ጉም ነበር።

የጎረቤቴን ልጅ በክረምቱ ፊዚክስ አስጠናታለሁ። ባለፈው ሳምንት ኮከቦች ስለሚወለዱባቸውና ከጀርባቸው ያለውን ኮከብ ስለሚጋርዱት፣ ሞለኪውላዊ ደመና ስለሚባሉት የጠፈር ጋዞች አወራኋት። በአንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ ውስጥ ጥቂት መቶ ሞለኪውሎች ብቻ እንዳሉ፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ ጥሩ ባዶ የሚባለው ዕቃ እንኳ በሚሊዮን እንደሚይዝ ስነግራት፣ «ታዲያ ጋሼ፣ ከባዶ የባሰ ባዶ ከሆነ እንዴት ኮከብ ይጋርዳል?» አለችኝ። «ትልቅ ስለሆነ ነው» አልኩና ወደሚቀጥለው ገጽ አለፍኩ። እሷ ደብተሯ ላይ «ትልቅ ስለሆነ» ብላ ጽፋ ከሥሩ አሰመረችበት። ያ መስመር ሳምንቱን ሙሉ ሲቆረቁረኝ ሰነበተ።

ደሴ እናቴ ቤት ሆኜ በእርሳስ አሰላሁት። በደሴ ከፍታ አንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ አየር፣ የጣት ጫፍ የምታህል ማለት ነው፣ 19 ተጽፎ 18 ዜሮዎች የሚከተሉት ያህል ሞለኪውል አላት። ያችን የጣት ጫፍ አየር እንደ ደመናው በሴንቲ ሜትር ኩብ 300 ሞለኪውል ብቻ እስኪቀር እናሳሳት ብንል፣ ርዝመቱም ወርዱም ቁመቱም 4 ኪሎ ሜትር የሆነ ሳጥን ትሞላለች። ሳጥኑ ደሴ ፒያሳ ላይ ቢቀመጥ የጦሳን ተራራ ራስ አልፎ ይሄዳል።

ቀጥሎ ባርናርድ 68 የሚባለውን ትንሽ ጥቁር ደመና ወሰድኩ። ስፋቱ ግማሽ የብርሃን ዓመት፣ ወደ 5 ትሪሊዮን ኪሎ ሜትር ነው፤ መሃሉ ላይ በሴንቲ ሜትር ኩብ ከ100,000 በላይ ሞለኪውሎች አሉት። ያን ሁሉ ርቀት የሞላውን ጋዝ እንደ ደሴ አየር ብናጨቀው ስንት ሜትር ይሆናል? አሥራ አምስት ሜትር ገደማ! ከእናቴ በር እስከ ማዶ አጥር። ደግሜ አሰላሁ፤ ያው ነው። በዚያ አየር በኩል ደግሞ አጥሩ ላይ የተሰጣው ካልሲ ሳይቀር ይታየኛል። መልሴ ስሕተት ነበር ማለት ነው። ትልቅነት ብቻውን አይጋርድም።

የሚጋርደው አቧራው ነው። ከደመናው ክብደት አንድ በመቶ ያህሉ ከጢስ የደቀቀ የካርቦንና የድንጋይ ብናኝ ነው። በደመናው መሃል ከዳር እስከ ዳር ያለው ብናኝ ቢጠራቀም በጥፍር ስፋት ላይ አንድ ሚሊ ግራም ቢሆን ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ግን የፋኖስ መስታወት ጥላሸት ሲይዘው ያየ ሰው አይስቅበትም። ከጀርባ የሚመጣው የኮከብ ብርሃን ከትሪሊዮን አንድ እጅ ያህል ብቻ ያልፋል። የሥነ ፈለክ ሰው የነበረው ዊልያም ሄርሼል በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንዲህ ያለ ጨለማ ሲያይ ሰማይ የተቀደደ መስሎታል፤ አልፈርድበትም።

ደመናው ወጥ አይደለም። እናቴ አጠገቤ ባዘቶ ይዛ ትፈትል ነበር። ብድግ አደረግኩና መስኮቱ ላይ ያዝኩት፦ አብዛኛው ሳሳ ያለ ነጭ፣ በመሃሉ የተጓተቱ ክሮች፣ ክሮቹ ላይ ደግሞ አለፍ አለፍ ብሎ የተቋጠረ ነገር። እ.ኤ.አ. በ2009 የመጠቀችው፣ በዚያው በሄርሼል ስም የተሰየመች የጠፈር ቴሌስኮፕ ያሳየችውም ይህንኑ ነው፤ ክር ክር፣ ክሩ ላይ ቋጠሮ። ኮከብ የሚሆነው ቋጠሮው ነው፤ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ወደ 263 ዲግሪ ሲሆን ጋዙ በራሱ ክብደት ይሰበሰባል። እናቴ «ባዘቶዬን አታቆሽሽ» ብላ ቀማችኝ።

ሀረጎ ላይ የነበረው ጉም ከዚህ በአንድ ነገር ይለያል። የውሃ ጠብታው ከብርሃን ሞገድ በብዙ ስለሚበልጥ ቀዩንም ሰማያዊውንም እኩል ይበትናል፤ ለዚህ ነው ነጭ የሚሆነው። የሰማዩ ብናኝ ግን ደቃቅ ስለሆነ ሰማያዊውን ይበልጥ ይይዛል፣ ቀዩን በመጠኑ ይለቃል፣ ከቀይ በታች ያለውን ጨረር ደግሞ ይበልጥ ያሳልፋል። ስለዚህ የሥነ ፈለክ ሰዎች ከደመናው ጀርባ ያሉ ኮከቦች ምን ያህል እንደቀሉ እየለኩ ውፍረቱን በየቦታው ያውቃሉ። ልክ እንደ ረዳቱ፦ ጉሙን የሚያውቀው በጉሙ ሳይሆን ከወዲያ በሚመጣው መብራት ነው።

ዐፄ ዮሐንስ ጅራታም ኮከብ አይተው ከተማዋን «ደሴ» አሏት ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1882 የታየው ነው። ነሐሴ ላይ ሰፍረው ቢሆን ኖሮ ስሟ «ጉሜ» ይሆን ነበር።

ማታ ልጅቱ ስትመጣ መሳሳቴን ነገርኳትና ስሌቱን አሳየኋት። ትንሽ አሰበችና፣ «ምድር እዚያ ደመና ውስጥ ብትሆን ፀሐይን አናያትም ማለት ነው?» አለችኝ። አሁን አልቸኮልኩም፤ አብረን አሰላን። ከዚህ እስከ ፀሐይ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነው፤ በደመናው መሃል እንኳ ብንሆን በዚህ ርቀት ያለው ብናኝ ከብርሃኗ አንድ በመቶ አይነካም። ፀሐይ እንደ ልማዷ ትወጣለች፣ በርበሬ ታደርቃለች። ሲመሽ ጨረቃም ፕላኔቶችም ይታያሉ። ኮከብ ግን አንድም የለም።

«አንድም?»

«አንድም።»

ደብተሯን ወደ ኋላ ገልጣ «ትልቅ ስለሆነ» የሚለውን አገኘችና በላጲስ አጠፋችው። ጽሑፉ በእርሳስ ነበርና ጠፋ፤ ከሥሩ ያሰመረችው ግን በእስክሪብቶ ስለነበር ቀረ።