ትኩስ ሽታ

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ሆድ ብሶኛል። ለምን ብትሉኝ መልስ የለኝም። ሥራው ደህና ነው፣ ጤናም አለ። እንዲሁ ብቻ ሆዴ ባባ።

ማምሻውን ውሻዬን ይዤ ወጣሁ። ንፋሱ ቀለል ያደርገኛል ብዬ ነበር። ዘሯ ቢግል ነው፣ በማሽተት የሚያድን ውሻ። ከቢግል ጋር ደግሞ ቀጥ ብሎ መሄድ የሚባል ነገር የለም። አንድ አጥር ሥር ስንደርስ ቆመች። አፍንጫዋን መሬት ላይ ተከለች። አንዲት ሣር ታነፈንፋለች፣ አለፍ ትላለች፣ ተመልሳ ያችኑ ሣር ታነፈንፋለች። ስሟን ጠራሁ፤ ዞር ብላም አላየችኝ። ንቀት አይደለም። አፍንጫዋ ሥራ ሲይዝ ጆሮዋ አይሰማም። ሜዳ ላይ ገመዷን የማልፈታው ለዚህ ነው። ዱካ ካገኘች መኪናም ገደልም አይታያትም።

ልጽፍ የተቀመጥኩት ስለ ሆድ ብሶቴ ነበር። አሁን ግን ሐሳቤ ሁሉ እዚያ አጥር ሥር ቀርቷል። ምን አግኝታ ነበር?

የሰው አፍንጫ አምስት ሚሊዮን ያህል ሽታ ተቀባይ ህዋሳት አሉት ይባላል። የቢግል ከ200 ሚሊዮን ያልፋል። እኔን የሚደንቀኝ ግን ቁጥሩ አይደለም፣ አሠራሩ ነው። ወደ ውስጥ የምትስበው አየር አፍንጫዋ ውስጥ ይከፈላል። አብዛኛው ወደ ሳንባዋ ይወርዳል። ጥቂቱ ተለይቶ ወደ ኋላ ይሄድና ለማሽተት ብቻ ይውላል። ስታስወጣ ደግሞ በአፍንጫዋ ጎንና ጎን ባሉት ስንጥቆች ነው። ስለዚህ ትንፋሿ ፊቷ ያለውን ሽታ አይበትንባትም። እያነፈነፈች ስትሄድ በአንድ ሰከንድ ውስጥ አምስት ጊዜ ያህል አየር ትስባለች። እርጥብ አፍንጫዋም በከንቱ እርጥብ አይደለም፤ ሽታውን ይዞ ያስቀርላታል።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ይሄ አለ። ዱካ የሚከተል ውሻ ማን እንዳለፈ ብቻ ሳይሆን ወዴት እንዳለፈም ያውቃል። አዲሱ ሽታ ይበረታል፣ የቆየው ይሳሳል። አምስት ያህል የእግር ዱካ ካሸተተ በኋላ የሰውየውን አቅጣጫ የሚለይ ውሻ አለ። በአንደኛውና በአምስተኛው እርምጃ መካከል ያለው ልዩነት እኮ የሰከንዶች ነው። ይህን ሳስብ ዝም እላለሁ። ለእኔ ትናንት አልፏል። ለእሷ ትናንት ሳስቶ እዚያው አጥር ሥር አለ።

ስለዚህ አሁን አልጎትታትም። አንዳንድ ሰው ውሻ ይዞ የሚወጣው ለእግሩ ነው፤ ረጅም መንገድ በፍጥነት መሄድ ይፈልጋል። ለቢግል ይሄ ግማሽ ሽርሽር ነው። መሮጥም መራመድም ያስፈልጋታል፣ አለበለዚያ ትወፍራለች። ምግብ ላይ ደግሞ በቃኝ አታውቅም፤ እየለካሁ ነው የምሰጣት። ግን ቆማ እንድታሸት ካልተፈቀደላት ቤት ስትገባም አትረጋጋም። አንድ ጥግ ላይ በደንብ ያነፈነፈች ቀን ግን ገብታ ጥቅልል ብላ ትተኛለች።

ጆሮዋን በየሳምንቱ አያለሁ። የተንጠለጠለ ጆሮ ውስጥ አየር እንደ ልብ አይገባም። ይሞቃል፣ ይረጥባል፣ ባክቴሪያና ፈንገስ ይወዱታል። ስለዚህ ገልበጥ አድርጌ አያለሁ። ቀልቷል? ጥቁር ቡኒ ነገር አለው? ከዚያ እኔም በተራዬ አሸታለሁ። እርሾ እርሾ ካለ ወይም ራሷን ደጋግማ ካራገፈች ሐኪም ጋ ነው። ደህና ከሆነ ሐኪሙ ያዘዘውን ማጽጃ ጠብ አደርግና የጆሮዋን ሥር ከውጭ አሻለሁ። ከዚያ በጥጥ የሚታየውን ብቻ እጠርጋለሁ። ጆሮ ውስጥ እንጨት አይገባም። ይሄን ያስተማረኝ ወንድሜ ነው። ውሻዋ የእሱ ነበረች።

ታሪኩ ረጅም ነው፣ አልዘረዝረውም። ወንድሜ ሩቅ ሄደ፤ እሷ እኔ ጋ ቀረች። መጀመሪያ ሰሞን ማታ ማታ ታላዝን ነበር። የቢግል ማላዘን ደግሞ እንደ ሌላ ውሻ ጩኸት አይደለም። ረጅም ነው፣ ከሆድ ነው የሚወጣው። እንግሊዝ አገር ውስጥ ጥንቸል ለማደን በመንጋ እንዲሮጡ ነው የተዳቀሉት። ድምፃቸው ሩቅ ላለ አዳኝ እንዲሰማ ነው። መንጋ የለመደ ዘር ብቻውን ሲቀር ምን ያድርግ? ይጣራል። ጎረቤቶቼ ታግሰዋል፣ እግዜር ይስጣቸው።

አሁን እሱ በቪዲዮ ሲደውል እጠራታለሁ። ድምፁን ስትሰማ ጭራዋ ይነሳል፤ ያ ነጭ ጫፉ ይወዛወዛል። እየሮጠች ትመጣለች። ከዚያ ስልኩን ታሸታለች። ጀርባውንም ታሸታለች። ከእኔ እጅ በቀር ምንም የለም። ዞር ብላ ትሄዳለች። እሱ እዚያ ማዶ "ረሳችኝ አይደል?" ይላል። አልረሳችህም እለዋለሁ። እውነቴን ነው። ፊትህ ሽታ የለውም፣ ድምፅህም ሽታ የለውም፤ ለእሷ ገና አልደረስክም።

አሜሪካ ውስጥ ኢሞሪ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች 12 ውሾችን ኤምአርአይ በሚባለው የአንጎልን ሥራ በሚያሳይ መሣሪያ ውስጥ ሳይንቀሳቀሱ እንዲተኙ አልምደው አምስት ዓይነት ሽታ እንዲያሸቱ አደረጓቸው። የማያውቁት ሰው፣ የማያውቁት ውሻ፣ የሚያውቁት ውሻ፣ የራሳቸው ሽታ፣ ከዚያ ደግሞ የሚያውቁት ሰው። መልካም ነገር ሲጠበቅ የሚነቃው የአንጎላቸው ክፍል ከሁሉ በላይ የነቃው ለሚያውቁት ሰው ሽታ ነው። ሰውየው ክፍሉ ውስጥ ሳይኖር። ይህን ሳነብ ዓይኔ እንባ አቅርሯል።

ቁም ሳጥኑ ሥር የወንድሜ ጃኬት አለ። አላጠብኩትም። ማንም እንዲያጥበው አልፈቅድም። እሷ ሄዳ አፍንጫዋን ክንዱ ውስጥ ትከትታለች። በፊት ወዲያው ታገኘው ነበር። አሁን ብዙ ትፈልጋለች። እኔ ምንም አይሸተኝም፤ ግን የምትቆይበትን ጊዜ አይቼ ሽታው እየሳሳ መሆኑን አውቃለሁ።

ለብሶት የሰነበተውን አንድ ቲሸርት ሳያጥብ በላስቲክ ጠቅልሎ በሰው እንዲልክልኝ ልጠይቀው አስቤያለሁ። ደስ ብሎት ይልካል። የጃኬቱ ሽታ ቆይቷል፤ የቆየ መሆኑንም እሷ ታውቃለች። ቲሸርቱ ግን ትኩስ ነው የሚሆነው። ትኩስ ሽታ ደግሞ ለእሷ አንድ ትርጉም ነው ያለው፦ አሁን እዚህ ነበር፣ ሩቅ አልሄደም። ተነስታ ቤቱን በሙሉ ትፈልጋለች። በሩ ሥር ትቆማለች። ላስገባላት የምችለው ሰው ግን የለኝም።

ይህ ለእሷ ስጦታ ነው ወይስ ጭካኔ? እሁድ ይደውላል። ልጠይቀው?