ከጣቢያ ጣቢያ፦ የሕፃናት ጥበቃ ፕሮግራም ግምገማ የመስክ ማስታወሻ

የጉብኝት መርሐ ግብሩ ሲደርሰን መኪናው የሚያቆምባቸው ጣቢያዎች፣ ማለትም የምንገመግመው ፕሮግራም የሚሠራባቸው ቦታዎች፣ በሙሉ ከዋናው መንገድ ዳር ነበሩ። ሁልጊዜ በተንኮል የሚደረግ አይደለም፤ ቅርብ ጣቢያ ነዳጅም ጊዜም ይቆጥባል። ችግሩ የፕሮግራሙ ክትትል የሚደርሰውም እዚያው መሆኑ ነው። ስለዚህ የጣቢያዎቹን ሙሉ ዝርዝር ጠይቀን ቅርብና ሩቅ ብለን ከፈልንና ከየምድቡ በዕጣ አወጣን። ጉዞውንም ከሩቆቹ ጀመርን፤ ለመጨረሻ የተተወ ሩቅ ጣቢያ ዝናብ ሲመጣ ቀድሞ ይሰረዛል።

ቢጋሩ፣ ማለትም የግምገማውን ሥራ የሚዘረዝረው ሰነድ፣ የኦኢሲዲን (የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅትን) ስድስት የግምገማ መመዘኛዎች ይዟል፦ አግባብነት፣ ትስስር፣ ውጤታማነት፣ ቅልጥፍና፣ ተጽዕኖና ቀጣይነት። ትስስር የተጨመረው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። እኛ ከነዚህ ጎን ለጎን በዚያው ዓመት የተሻሻሉትን፣ ለሰብዓዊ ዕርዳታ የወጡትን 28 የሕፃናት ጥበቃ ዝቅተኛ መስፈርቶች ይዘን ሄድን፤ በመስክ ላይ ለመለካት ይበልጥ የሚያመቹት እነሱ ናቸው። ለምሳሌ አንድ የጉዳይ ሠራተኛ (የእያንዳንዱን ልጅ ጉዳይ የሚከታተል ባለሙያ) በአንድ ጊዜ ከ25 ልጆች በላይ እንዳይዝ ይመክራሉ። ጣቢያው ላይ ያሉትን ክፍት ፋይሎች ለሠራተኞቹ ቁጥር ማካፈል ደቂቃ አይፈጅም፤ ሸክሙ ከልክ ሲያልፍ ክትትሉ የት እንደሚላላ አስቀድሞ ይነግራል።

ረጅሙን ጊዜ የወሰድነው ፋይል ቤት ውስጥ ነው። ከመዝገቡ በእኩል ርቀት እየቆጠርን ፋይሎችን መረጥንና እያንዳንዱን በደረጃው ተከተልነው፦ ልጁ የተለየበት ቀን፣ ምዘና፣ የድጋፍ ዕቅድ፣ ትግበራ፣ ክትትልና ክለሳ፣ መዝጊያ። ምዘናው ተሟልቶ ዕቅዱ ከጎረቤት ፋይል ጋር ቃል በቃል ሲመሳሰል ዕቅዱ ለልጁ ሳይሆን ለቅጹ ተጽፏል ማለት ነው። የወራት የቤት ጉብኝት በአንድ ብዕርና በአንድ ዓይነት እጅ ጽሑፍ ሲገኝ ደግሞ ተሰብስቦ የተሞላ መሆኑን እንጠረጥራለን። ብዙ ፋይሎች በፕሮጀክቱ ማብቂያ ወር ከተዘጉ የመዝጊያውን ምክንያት እንፈልጋለን፤ ልጁ ደኅና ስለሆነ ነው ወይስ በጀት ስላለቀ? ልጁ ወደ ሌላ አገልግሎት ሰጪ የሚላክበት የሪፈራል ወረቀትም እንዲሁ ነው። የተላከበት ቀን ይኖራል፣ የተቀባዩ መልስ አይኖርም። ሪፖርቱ ግን «አገልግሎት አግኝቷል» ብሎ ቆጥሮታል።

ቁጥሮቹን መልሶ መቁጠር አሰልቺ ቢሆንም አይዘለልም። 60 ልጆች ለሕፃናት ምቹ ወደሆነ ስፍራ በሳምንት 5 ቀን ቢመጡ የመገኛ መዝገቡ 300 ፊርማ ይይዛል፤ «300 ሕፃናት ተደረሱ» የሚለው ዓረፍተ ነገር የሚወለደው ከዚህ ነው። በተቃራኒው የጥቃት ጥቆማ ቁጥር መጨመሩን እንደ ውድቀት የሚያነቡ አሉ። ሰው ጥቆማ የሚቀበለውን ኮሚቴ ማመን ሲጀምር ጥቆማ ይጨምራል። ከሌላ ማስረጃ ጋር ሳይታይ ያ ቁጥር ለብቻው ለክስም ለሙገሳም አይበቃም።

ልጆችን ስናነጋግር የፕሮግራሙ ሠራተኛ አስተርጓሚ አይሆንም፤ አርማ ያለበት መኪናም ራቅ ብሎ ይቆማል። የአሳዳጊ ፈቃድ ከተገኘ በኋላ የልጁ የራሱ እሺታ ይጠየቃል፣ እንቢታውም ያለ ማባበል ይከበራል። ቦታው ከሩቅ የሚታይ፣ ድምፅ ግን የማይሰማበት ነው። «በአንተ ላይ ምን ደረሰ?» አንልም። «እዚህ ያሉ ልጆች ችግር ሲገጥማቸው ወደ ማን ይሄዳሉ?» የሚለው በቂ መረጃ ያመጣል። እንዲያም ሆኖ አንድ ልጅ የደረሰበትን ራሱ ሊናገር ስለሚችል፣ ጉዳዩን ተቀብሎ የሚረዳው ባለሙያ ማን እንደሆነና በዚያ ቀን ሥራ ላይ መሆኑ ሳይረጋገጥ ቃለ መጠይቅ አይጀመርም። ሁሉን በምስጢር እንይዛለን ብሎ ቃል መግባትም ስሕተት ነው፤ አደጋ ሲኖር ለሚመለከተው እንደሚነገር ለልጁ አስቀድሞ ይነገረዋል።

ትምህርት ቤት ውስጥ ብቻ የተሰበሰበ መረጃ ጥበቃ ይበልጥ የሚያሻቸውን ያስቀራል፦ ሥራ ላይ ያሉትን፣ አካል ጉዳተኞችን፣ ያለ ዕድሜያቸው የተዳሩትን። ለእነሱ የማምሻና የበዓል ቀን ሰዓት መመደብ ያስፈልጋል።

ማሳደጊያ ተቋም ባለበት ጣቢያ የጠየቅነው የአልጋ ንጽሕና ብቻ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2009 ያጸደቀው የአማራጭ እንክብካቤ መመሪያ ድህነት ብቻውን ልጅን ከቤተሰቡ ለመለየት ምክንያት እንደማይሆን ይደነግጋል። ለጋሽ በልጅ ቁጥር ሲከፍል ግን ልጅ ወደ ቤቱ በተመለሰ ቁጥር ተቋሙ ገቢ ያጣል። የመግቢያና የመውጫ መዝገቡን ጎን ለጎን ማየት ይህን ያወጣዋል፤ የገንዘብ ስምምነቱን ሳያነብ የሚሄድ ገምጋሚ ጥፋቱን ሁሉ በሠራተኞቹ ላይ ያላክካል።

ከመስክ ስንመለስ ስሞች ከፋይል ቁጥሮች ተለይተው ተቆለፉ፣ የድምፅ ቅጂዎችም የሚጠፉበት ቀን ተያዘላቸው። በረቂቅ ሪፖርቱ ላይ የመንደር ስም፣ ዕድሜና የጥቃት ዓይነት በአንድ ሠንጠረዥ እንዳይገኙ ተደረገ፤ በትንሽ መንደር ሦስቱ ከተገጣጠሙ ስም መጻፍ አያስፈልግም።