የጃፓን አጀንዳ፦ ቀጠሮ በሳምንቱ ገጽ፣ ሥራ በቀኑ ገጽ

ጃፓኖች ቴቾ የሚሉትን አጀንዳ ስትመርጡ ከሽፋኑ በፊት የገጹን አከፋፈል እዩ። ቀናችሁ በቀጠሮ የተሞላ ከሆነ ሰዓቱ ከላይ ወደ ታች የተሰመረለት ይሻላል፤ የኮኩዮ ኩባንያ ጂቡን ቴቾ 24ቱንም ሰዓት ያሳያል። ሥራችሁ በሰዓት የማይታሰር ከሆነ የሆቦኒቺ ኩባንያ ዊክስ ይበቃል፤ በግራ ሳምንቱ፣ በቀኝ ባዶ ካሬ ገጽ አለው። ብዙ የሚጽፍ ሰው ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ገጽ የሚሰጠውን ሆቦኒቺ ኦሪጅናል ይያዝ፤ መጠኑ ኤ6፣ 105 በ148 ሚሊ ሜትር ነው። የሳምንቱንም የቀኑንም ገጽ አንድ ላይ የያዘው ኤ5 መጠን ያለው ሆቦኒቺ ከዝን ነው። ዓመቱ ከተጋመሰ ደግሞ በአፕሪል የሚጀምሩ እትሞች አሉ፤ የጃፓን የትምህርትና የበጀት ዓመት የሚጀምረው ያኔ ነውና።

ብዙ አጀንዳ በየካቲት የሚጣለው አንዱ ነገር ሁለት ቦታ ስለሚጻፍ ነው። ቀጠሮው ሲቀየር አንዱ ገጽ ይታረማል፣ ሌላው ይረሳል፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱንም ማመን ያቅታል። ስለዚህ ቀጠሮ በሳምንቱ ገጽ ብቻ ይስፈር፤ የቀኑ ገጽ ለሥራና ለማስታወሻ ይቅር።

እሑድ ማታ መጀመሪያ ሰዓታቸው የተቆረጠውን አስገቡ፣ የመንገዱንም ጊዜ ጨምራችሁ። ቀጥሎ ከባዱን ሥራ ክፍት በሆነው ሰፊ ሰዓት ላይ በሳጥን ክበቡት። ለአንድ ቀን ከሦስት ዋና ሥራ በላይ አትመድቡ፤ ያልታሰበ ጉዳይ መምጣቱ አይቀርም። ያልተሠራውን በቀስት ወደ ነገ አሳልፉት። ሦስተኛ ጊዜ የተላለፈ ሥራ ወይ በጣም ትልቅ ነው፣ ወይ አስፈላጊ አይደለም፤ ከፋፍሉት ወይም ሰርዙት።

ሆቦኒቺ የሚጠቀምበት ቶሞኤ ሪቨር የተባለ ወረቀት በካሬ ሜትር 52 ግራም ብቻ ነው። ዓመት ሙሉ አንድ ቀጭን መጽሐፍ ውስጥ የሚገባው በዚህ የተነሳ ነው። ቀለም አያሳልፍም፤ የጀርባው ጽሑፍ ግን ጥላው ይታያል። የቀለም ብዕር ቶሎ አይደርቅበትም፤ መምጠጫ ወረቀት ጣል ካላደረጋችሁ መዳፋችሁ ያበላሸዋል። ተጭኖ የሚጽፍ ሰው ከገጹ ሥር ሺታጂኪ የሚባለውን ስስ ፕላስቲክ ያድርግ።

የሚጠፋው ፍሪክሲዮን እስክሪብቶ ለሚቀያየር ቀጠሮ ምቹ ነው። ቀለሙ ግን 60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ሲደርስ ይጠፋል፤ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ የተረሳ አጀንዳ ባዶ ሊሆን ይችላል። እስከ 20 ከዜሮ በታች ሲቀዘቅዝ ይመለሳል፤ የጠፋበት ፍሪዘር ይሞክር።

የሆቦኒቺ ኦሪጅናል ካሬ 3.7 ሚሊ ሜትር ነው። በ0.5 ሚሊ ሜትር እስክሪብቶ «ጩ» እና «ሿ» ይደፈናሉ፤ 0.38 ወይም ከዚያ የቀጠነ ተጠቀሙ፣ ካልሆነም ሁለት ካሬ ለአንድ መስመር።

ቀኑ በፈረንጆች ስለሆነ በየወሩ ገጽ ላይ የእኛን ወር መባቻ በሌላ ቀለም አስቀድማችሁ ጻፉ፦ ጥር 1 በጃንዋሪ 9፣ መስከረም 1 በሴፕቴምበር 11። በ2027 ግን መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ስለሚውል፣ እስከ የካቲት ያሉት መባቻዎች ሁሉ በአንድ ቀን ይዘገያሉ፤ መጋቢት 1 ወደ ተለመደው ማርች 10 ይመለሳል።