በበሬ አጥንት ተጀምሮ ፒኤችዲ

«የትኛው ስኮላርሺፕ ነው የደረሰሽ?» ይሉኛል። ስኮላርሺፕ አልደረሰኝም፤ ሥራ ነው የተቀጠርኩት። ዘርፉ የአጥንት ቲሹ ኢንጂነሪንግ ይባላል፤ ለተጎዳ አጥንት መተኪያ መሥራት ማለት ነው። ኔዘርላንድስ ውስጥ ፒኤችዲ የሚሠራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የዩኒቨርሲቲው ሠራተኛ ነው። ለ4 ዓመት ገደማ ደሞዝ ይበላል፣ ግብርም ይቆረጥበታል። ስለዚህ ስኮላርሺፕ ማሰሱን ትቼ ዩራክሰስ በሚባለው የአውሮፓ ኮሚሽን ድረ ገጽ ላይ የክፍት ሥራ ማስታወቂያ መከታተል ያዝኩ። አጥንት ላይ ለሚሠራ ሰው ማስትሪክት ያለው የሜርልን ምርምር ተቋም፣ የአይንድሆቨንና የዩትሬክት ዩኒቨርሲቲዎች፣ በርሊን ሻሪቴ ሆስፒታል ውስጥ ያለው ዩሊየስ ቮልፍ ተቋም መታየት አለባቸው።

የማስተርስ ጥናቴ ከሥጋ ቤት በለመንኩት የበሬ አጥንት ላይ ነበር። አጥንቱ ተቀቅሎ ስቡ ይለቃል። ከዚያ በላብ ምድጃ 900 ዲግሪ አካባቢ ሲገባ የሚነደው ሁሉ ነዶ ነጭ ማዕድን ይቀራል፤ ሃይድሮክሲአፓታይት ይባላል። እሱን ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው አድርጌ እሠራና ስንት ጫና እንደሚችል እለካለሁ። በቃ። የሴል ማሳደጊያ ላብ አልነበረንም፤ ስቴም ሴልን፣ ወደ አጥንት ሴል ሊለወጥ የሚችለውን መነሻ ሴል፣ የማውቀው በሥዕል ነው።

ማመልከቻዬን ያቀናሁትም እዚሁ ላይ ነው። የሴል ልምድ የግድ ነው የሚሉትን ማስታወቂያዎች አለፍኳቸው። በ3ዲ ማተሚያ ስለሚሠራ፣ ሴል ተይዞ ስለሚያድግበት ድጋፍ (ስካፎልድ)፣ ስለ ጥንካሬው፣ በኮምፒውተር ጫናን ስለ ማስላት የሚያወሩትን ያዝኩ። ይህ ዘርፍ የሴል ሰው ብቻ አይደለም የሚፈልገው፤ መካኒካልም፣ ማቴሪያልም፣ ሐኪምም ይገባበታል። «ከልጅነቴ ጀምሮ ስቴም ሴል እወዳለሁ» ዓይነት ደብዳቤ ግን፣ ይቅርታ፣ ማንም አያምነውም። እኔ የጫና ግራፌን አያይዤ ላክሁ።

ቃለ መጠይቁ ከጠበቅሁት በላይ ጥሩ ነበር። «ከሕመምተኛው ዳሌ አጥንት መውሰድ እያለ ይህ ሁሉ ለምን?» አሉኝ። የራስ አጥንት አሁንም የሐኪሞች የመጀመሪያ ምርጫ መሆኑን አልካድኩም። ግን የሚወሰደው መጠን ውስን ነው፣ የተወሰደበት ቦታም ያማል። ቀጥሎ ስለሚተከለው ቁራጭ መሃል ጠየቁኝ። ከደም ሥር ከ200 ማይክሮሜትር ገደማ በላይ የራቀ ሴል ኦክስጅን አጥሮት ይሞታል፤ ሳህን ላይ ያማረ ቁራጭ ትልቅ ስብራት ውስጥ ሲገባ የሚከሽፈው አንዱ በዚህ ነው። ስለ ቢኤምፒ-2ም አነሱ። ሐኪሙ ማርሻል ዩሪስት በ1965 ከጀመረው ምርምር የመጣ፣ አሜሪካ በ2002 ለጀርባ አጥንት ቀዶ ሕክምና የፈቀደችው ፕሮቲን ነው። አጥንት ያበቅላል፣ አንዳንዴ ግን በማይፈለግበት ቦታ። ሦስቱንም ያወቅኳቸው የቆዩ የግምገማ ጽሑፎችን በማንበብ ነው፤ ላብ አላስፈለገኝም።

የወረቀቱን ጣጣ ቀድማችሁ ጀምሩ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ኮስት ሼሪንግ ሳይከፍል ዋናውን ዲግሪ አያገኝም፤ ከዚያም ዲግሪው ትክክለኛ መሆኑን የማስመስከሩ ሥራ አለ።

የአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ለሚሰጣቸው የማሪ ኩሪ የዶክትሬት መረቦች የምታመለክቱ ደግሞ አንድ ደንብ ልብ በሉ። ዜግነት አይጠይቁም፤ ነገር ግን ከቅጥሩ በፊት ባሉት 36 ወራት ውስጥ በሚቀጠርበት አገር ከ12 ወር በላይ የኖረ አይቀጠርም። ጀርመን ማስተርስ እየተማራችሁ ከሆነ ቤልጅየምን ወይም አየርላንድን እዩ።